ማርያም አንዴ ነው የምትስመው

እህት ዓለም፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ ነው፤ ጠያቂው ግን መልሱን አይጠብቅም። እኔ እጠብቃለሁ። የግራ ዓይንሽ እብጠት ጎደለ? ስታኝኪ መንጋጋሽ አሁንም ይንቋቋል? ስትስቂ የሚወጋሽ ጎንሽስ? "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ አንድ በአንድ መልሺልኝ። እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን በዚያ አፍንጫ በሚቆርጥ ቅባት ማሸቱን አልተወችም? ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ከሆነ በእኔ አሳብቢ። እኔ ደህና ነኝ። የቀኝ እጄ ጣቶች አብጠው ሰንብተው ነበር፤ አሁን ብዕር ይይዛሉ።

ስልክ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። "ምን ሆኖ ነው?" አልሽኝ፤ እኔም ዘጋሁብሽ። ተቆጥቼ አይደለም። እማዬ አጠገብሽ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማኝ ስለነበር ነው። መልሱን በጽሑፍ ይኸው። የፖሊስ መርማሪው በዚህ ሳምንት ወደ አንቺ ይመጣል፤ በቤታችሁ ጠብ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ነበር ካልሽ ለእኔ ምክንያት አገኘልኝ ማለት ነው፤ እታሰራለሁ። አልነበረም ካልሽ እኔ እተርፋለሁ፣ ሟቹ ባልሽም ደግ ሰው እንደነበረ ሲወራለት ይኖራል። የምትይውን ሳትወስኚ ይህን እስከ ታች አንብቢው።

ባልሽን ወደ ቤታችን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ካሜራ ያስያዝኩት ግን እኔ ነኝ። በእረፍት ቀናችን በእኔ መኪና እየዞርን ተራራ፣ ሐይቅ፣ ጭጋግ የተኛበት ሸለቆ ስናነሳ እንውላለን፤ ስንመለስ ደግሞ በየቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ተተክለን ያነሳነውን እናስተካክላለን። ሰው ሥራ ፈት ይለናል። ይበል። የእኔን ደንብ ታውቂዋለሽ። ብርሃኑን አቅና፣ ቀለሙን አጥራ፣ ጠርዙን ቁረጥ፤ የነበረን ነገር ግን አታጥፋ፣ ያልነበረን አትጨምር። ግትርነት አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የመንገድ አፈር ስመረምር ነው። ተቋራጩ ናሙናውን ተሸክሞ ይመጣና "አለቃ፣ ውጤቱን ትንሽ አሳምርልኝ" ይለኛል። ባሳምርለት መንገዱ ክረምት ሲገባ ይናድና አውቶቡስ ከነሰዉ ይዞ ይወርዳል። ፎቶም ለእኔ ያው ናሙና ነው።

ባልሽ ይስቅብኝ ነበር። "ጋሼ ሚዛን፣ ሰማዩ ላይ ያለችውን የመብራት ሽቦ ባጠፋት ቤትህ ይጨልምብሃል እንዴ?" ይለኛል። አንቺ ትስቂ ነበር፤ እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። በሽቦ ጀመረ። ከሽቦ ወደ ቆሻሻ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ ሰው አለፈ። ድልድይ ላይ ቆማ ወንዙን የምታይ አንዲት አሮጊት ምስሉን አበላሸችብኝ ብሎ በመጣፊያ አጠፋት። መጣፊያ የምንለው ከደህናው ቦታ ቀድቶ ባልተፈለገው ላይ የሚለጥፈውን መሣሪያ ነው። እኔ ያሳየሁት ሌንስ ላይ ያረፈች አቧራ እንዲያነሳበት ነበር። የተጣፈው ቦታ ለሌላ ሰው አይታይም። ለእኔ ይታያል። ይህ ዓይኔ ለሌላ ነገር ባይረባኝ ለዚህ ይረባል።

ያለ እኔ ከሄዳችሁበት ሐይቅ እንደተመለሳችሁ፣ ለእማዬ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ እንዳትምለት የፎቶዎቹን ዲስክ ይዞልኝ መጣ። ጥሩ ማተሚያ ያለኝ እኔ ነኛ። "ሁሉም አለበት፣ ጥሬውም የተሠራውም፤ አንተ ብቻ በትልቁ አትምልኝ" ብሎኝ ሄደ። ሲያዩት የሚያስቀና ፎቶ ነው። ጀንበር አዘቅዝቃ፣ ውኃው መዳብ መስሎ፣ አንቺ ዳሩ ላይ ቆመሽ፣ አበባ ያለበት የአንገት ልብስሽ በነፋስ ተነስቶ። ከንፈርሽን ገጥመሽ ፈገግ ብለሻል። ማንኛውንም ፎቶ ከማተሜ በፊት አጉልቼ ከጥግ እስከ ጥግ አቧራ እፈልግበታለሁ። ፊትሽ ላይ ስደርስ ማርያም የሳመችሽን ቦታ አገኘሁ፤ በግራ ጉንጭሽ፣ ከአፍሽ ጥግ ከፍ ብላ ያለችውን ያቺን ጥቁር ነጥብ። ወደ ዓይንሽ ከፍ ስል ሌላ አገኘሁ። ያው መጠን፣ ያው ቅርጽ፣ ከመሃሏ የበቀለችው አንዲት ፀጉር እንኳ ሳትቀር።

ልጆች ሳለን፣ እኔን ለምን አልሳመችኝም ብዬ ሳለቅስ እማዬ ምን ትለኝ እንደነበር አትረሺውም። "አንተን ብትስምህ ትነክሳታለህ። ደግሞም ማርያም አንዴ ነው የምትስመው።"

ባልሽ ከደህናው ቆዳሽ ሲቀዳ ነጥቧን አብሮ ቀድቷታል። የችኩል ሰው ስህተት ነው። ጥሬውን፣ ያልተነካካውን ፎቶ ከፈትኩት። በግራ ዓይንሽ ቦታ ዓይን አልነበረም፤ የተነፋ ሐምራዊ ሥጋ ነበር። በተሠራው ፎቶ ላይ ያለውን ዓይን ከሌላ ቀን ፎቶ አምጥቶ ነው የተከለልሽ። የታችኛው ከንፈርሽ ለሁለት ተከፍሏል። የገጠምሽው ፈገግ ለማለት ሳይሆን ጥርስሽ ላይ ያለው ደም እንዳይታይ ነበር። የአንገት ልብስሽም አበባ የለውም። ነጭ ነው። ለእያንዳንዱ የደም ነጠብጣብ አንድ አበባ ለጥፎበታል። መትቶሽ ሲያበቃ፣ ብርሃኑ ሳያመልጠው፣ እዚያ አቁሞሽ አንስቶሻል።

ያን ሰሞን "ድንጋይ አዳልጦኝ ወድቄ ነው" ብለሽኝ ነበር። የሌሎቹን ጉዞዎች ጥሬ ከፈትኩ። የተራራው ጊዜ ደረጃ ነበር ያልሽኝ። የባሕሩ ጊዜ የሆቴሉ በር። በሄድሽበት ሁሉ ወድቀሻል። እህት ዓለም፣ ያረጀ አጥር እንኳ እንዳንቺ አይወድቅም። እኔ፣ ከሺህ ጠጠር መሃል አንዱን ልል ድንጋይ የምለይ ሰው፣ ይህን ሁሉ ውድቀት ሰምቼ "ጫማሽን ቀይሪ" ነበር የምልሽ። መጥረቢያ ቢኖረኝ መጥረቢያ እይዝ ነበር። ያለኝ የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን አይተሻል፤ እኔ እንዳየሁት ደግሞ ስሚው። ቤታችሁ ስደርስ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የአንድ ተራራ ሰማይ ሲያጸዳ አገኘሁት። መጀመሪያ የመታሁት ስክሪኑን ነው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ከወንበሩ ተንሸራትቶ "ጋሼ፣ የባልና የሚስት ነገር ነው፣ አትግባ" አለኝ። ፀጉሩን ይዤ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አገናኘሁት። አፍንጫው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ደግሜ አገናኘሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ከዚህ ደብዳቤ ላይ አላጠፋውም። አንቺ በር ላይ ሆነሽ "ተው ወንድሜ፣ ተው በሞቴ" ትይ ነበር። ከዚያ ፎጣ አምጥተሽ የማንን ደም ጠረግሽ? የእሱን። ጎረቤታችሁ ነርሷ ጩኸት ሰምታ መጥታ፣ ምነው፣ ምን ሆኖ ነው ስትል፣ እጅሽ እስከ አንጓው በደሙ እንደራሰ ዓይን ዓይኗን እያየሽ "ወድቆ ነው" አልሻት። ነርሷ እሱን አየች፣ የጎበጠውን ትራይፖድ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ "እግዜር ይማረው" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ወደ እማዬ ስወስድሽ መኪና ውስጥ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? "ምድጃውን አጥፍቼ ይሆን? ቁልፉን የት እንደማስቀምጥ አያውቅም እኮ" አልሽኝ። ያን ጊዜ መሪውን ጥዬ አንቺኑ ልመታሽ ምንም አልቀረኝም ነበር። እጄን መሪው ላይ አጥብቄ ያዝኩት። በዚያ ቅጽበት ባልሽን ከማወቅ አልፌ ባልሽን መሰልኩ፤ ከሁሉም ያናደደኝ ይኼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ጠዋት ማታ እየደወለ ያለቅሳል። የማያልፍ የለም፣ እሁድ ትመለስለት" አለችኝ። ሻንጣሽን እንዳዘጋጀሽም ነገረችኝ። በማግስቱ ባልሽ ራሱ ደወለ። ድምፁ የጉንፋን ነበር፤ ከአፍንጫው የተነሳ። "ጋሼ ሚዛን፣ እሷ እሁድ ትገባለች። እኛስ ቂም ይዘን ምን እንሠራለን? ቅዳሜ እንደ ድሮው ገደሉ ጋ ወጥተን ንጋቱን እናንሳና እንታረቅ" አለኝ። እሺ አልኩት።

ያን አፋፍ አውቀዋለሁ። ላዩ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ለሚያየው ሠርግ የሚደገስበት ይመስላል። ሥሩ ግን ዝናብ የበላው ልል አፈር ነው፤ ድንጋዩ የተቀመጠው አየር ላይ ነው ማለት ይቀላል። አዲስ ለሚቀጠሩልን ባለሙያዎች መሬት እንዴት እንደሚያታልል ሳስረዳ የማሳያቸው የዚያን አፋፍ ፎቶ ነው።

ባልሽ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ደስ ብሎት መጣ። "እሷ ናት እኮ የለመነችኝ፣ ፊቴን አስተካክልልኝ ብላ። ስንት ቀን ለፋሁበት መሰለህ፤ አንተ ደግሞ የሰው ሥራ አታደንቅም" አለኝ። ያጋለጠችህ ነጥቧ ናት፣ ሁለት ቦታ ለጥፈሃታል፣ ማርያም አንዴ ነው የምትስመው አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። "እንግዲያማ ሁለተኛውን የሳምኳት እኔ ነኛ" አለኝ።

ከዚያ "በል አንሳኝ፤ አፍንጫዬን በኋላ እኔው አስተካክለዋለሁ" ብሎ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆመ። ትራይፖዱን ተከልኩ። አንዱ እግሩ ባልሽ ላይ ስለጎበጠ ድንጋይ አስደገፍኩት። ፀሐይዋ ከማዶው ተራራ ብቅ አለች። በሌንሱ ሳየው ቀርቦኛል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩት፤ ትንሽ ወደ ኋላ። እሺ አለኝ። አነሳሁት። ትንሽ ጨምር አልኩት። ደግሜ አነሳሁ።

በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ባልሽ አለ። በሁለተኛው ጭጋግ አለ፣ ከታች እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ አለ፣ ማዶ ተራራው ላይ የወጣ ብርሃን አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ካነሳኋቸው የሚበልጠው እሱ ነው። ሰው የለበትም። ድንጋዩ እስከ ታች ሲንኮታኮት ይሰማ ነበር። እሱም እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ይሰማ ነበር።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ አያቸው። "ከሁለተኛው ላይ እርስዎ አጥፍተውት ነው?" አለኝ። እኔ ከፎቶ ላይ ሰው አላጠፋም አልኩት። ሚሞሪ ካርዱን ምንም ሳልነካ አስረከብኩት።

ዲስኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ጥሬዎቹ ሁሉ አሉበት። ለመርማሪው ስጪው አልልሽም፤ ደብቂውም አልልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለእኔ ብለሽ ፊትሽን አትጣፊ። ሲመጣ ሳትከናነቢ፣ ሳትቀባቢ፣ ብርሃን ካለበት መስኮት አጠገብ ተቀመጪለት። ለባልሽ ስትይ ዓይንሽንም ከንፈርሽንም አጥፍተሻል፤ ለወንድምሽ ስትይ የተረፈውን እንዳታጠፊው። እስር ቤት ከገባሁም አትዘኚ፤ ግድግዳው ስንት ጣት እንደተንጋደደ ለክቼ ስናገር የሚሰማኝ ሰው እዚያ አላጣም።

የእማዬን ፎቶ አትሜዋለሁ፤ በትልቁ፣ እንደተባልኩት። ጥሬውን ነው። አልሰቅልም ካለች ጠቅልላ ታስቀምጠው፤ የማያልፍ የለም ስትል ግን አንዴ ዘርግታ ትየው።

ስልክ ላይ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መርማሪውም ያንኑ ጠየቀኝ፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ዓይን ዓይኑን እያየሁ መለስኩለት። ለአንቺም መልሴ ያው ነው፤ ቃሉንም የተማርኩት ካንቺ ነው።

ወድቆ ነው።

ከእንግዲህ ደረጃ አያዳልጥሽ፣ በር አይምታሽ፣ ድንጋይ እግርሽን አያግኘው። ማርያም የሳመችሽን ቦታ ሌላ እጅ አይድረስበት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ