ግንቡ ሮስኮ ወደ ሜዳ የተመለሰ ዕለት

ሎሬይን፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 14 ቀን 1999

ለምወድሽ ልጄ ለካሚል፣

የጀርመን አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሆስፒታሉስ የሌሊት ፈረቃውን ቀነሰልሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬ እምቢ አለኝ። አባትሽ በአካሉ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል። አንዳንድ ቀን በስሜ ይጠራኛል።

አክስትሽ ሉኤላ መጽሔቱን ልካልሽ እንደሆነ አላውቅም። «የሰባዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል ጀግኖች ዛሬ የት ናቸው?» የሚለው ዓምድ ላይ አባትሽ ወጥቷል። ፎቶው ያምራል። ከሥሩ የተጻፈውን አንብበሽ እንዳትስቂ፣ እውነቱን ከእኔ ስሚው።

ጋዜጠኛው ቤት የመጣው በበጋው መጨረሻ ነው። ቴሪ የሚባል ትሁት ልጅ ነው። «ሚስተር ቲለሪ፣ የማይረሱት ጨዋታ የቱ ነው?» ሲለው አባትሽ እኔን አየኝ። እኔ መለስኩ። «ጉልበትዎ የተጎዳው መቼ ነው?» አሁንም እኔ መለስኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ «እርስዎም ይጫወቱ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አሁንም እየተጫወትኩ ነው» አልኩት። እሷን አልጻፋትም።

ከዚያ ቡድኑ ጠራን። ዋንጫ የበሉት የዚያ ዘመን ልጆች በእረፍት ሰዓት ሜዳ ይገቡና ሕዝቡ ያጨበጭብላቸዋል ተባለ። ባንሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አባትሽ ግን ይህን ከሰማ ጀምሮ በየጠዋቱ ለባብሶ በር ላይ ይቆማል። «ቶሎ በይ ቨርና፣ አሰልጣኙ የሚዘገይ ሰው አይወድም» ይለኛል። አሰልጣኙ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እንዴት ብዬ ልከልክለው?

ኳስ ወርዋሪውን ዴል ሃቨርካምፕን ታውቂዋለሽ። አባትሽ ጉብዝናውን የጨረሰው እሱ ፊት እንደ ግንብ ቆሞ፣ ዴልን ሊሰብሩ የሚመጡትን ተጋጣሚዎች በጭንቅላቱ እየመለሰ ነው። ራሱን ስቶ ሲወድቅ የሚያነቃ ነገር ያሸትቱትና «ይሄ ስንት ጣት ነው?» ይሉታል። «ሁለት» ካለ መልሰው ያስገቡታል። የሚያሳዩት ሁልጊዜም ሁለት ጣት ነበር። እሱም ያውቀዋል፣ እነሱም ያውቁታል። ዴል ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ጥርሱን እያሳየ መኪና ያስተዋውቃል። ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ደውሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን አባትሽን ጥምጥም ብሎበት «ግንቡ! አንተን ዕድሜ አይነካህም እንዴ?» አለው።

አባትሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማነው ይሄ?» አለኝ።

ስማቸው እየተጠራ ገቡ፣ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። የአባትሽ ስም ሲጠራ ሕዝቡ ጮኸ። ጩኸቱ ይሁን የሣሩ ሽታ እንጃ፣ መሃል ሲደርስ ጎንበስ አለ። አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ ያን በቀዶ ጥገና ያለቀ ጉልበቱን አጥፎ፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ ቀረ። ኳሱ እስኪነሳ እየጠበቀ ነው። ስታዲየሙ በሳቅ ተናጋ። ድምፅ ማጉያው «ግንቡ ሮስኮ ዛሬም ዝግጁ ነው!» አለ። ዴል ደግሞ ከኋላው ቆሞ፣ ኳስ እንደሚቀበል እጁን ዘርግቶ ለካሜራ ቀለደ።

ሳቁ በረደ፣ ሌሎቹ ወጡ፣ አባትሽ አልተነሳም። ሱሪው ረጥቧል። ዴል «ተነስ እንጂ ጓዴ፣ ቀልዱ በቃ» ብሎት ሄደ። ሮጬ ልገባ ስል አንዱ ጥበቃ ክንዴን ያዘኝ።

«ሜዳው ለተጫዋቾች ብቻ ነው፣ እመቤት።»

«ሚስቱ ነኝ!»

«ቢሆኑም።»

ያኔ ከእንግዳው ቡድን የድሮ ተጫዋቾች ወገን አንድ ግዙፍ ሰው በከዘራ እያነከሰ መጣ። ላቮን ግሪር! የአባትሽን አገጭ የሰበረው፣ ስሙ ቤታችን ውስጥ እንደ እርግማን ሲጠራ ያደግሽበት ላቮን። ከዘራውን ጣለና አባትሽ ፊት ተንበረከከ።

«ሮስኮ፣ እኔ ነኝ፣ ላቮን።»

«ዛሬ አታልፈኝም» አለው አባትሽ።

«አላለፍኩም። መቼ አሳለፍከኝ! ፊሽካው ተነፍቷል ወንድሜ፣ አሸንፋችኋል። በል ወደ ቤት።»

«ልጁስ? ነኩት?»

ላቮን ቀና ብሎ ዴል በሄደበት በኩል አየ። «ማንም አልነካውም» አለ። ኮቱን አውልቆ አባትሽ ወገብ ላይ አሰረለት፣ ሁለቱ አንካሶች ተደጋግፈው ወጡ። ጥበቃው ያኔ ለቀቀኝ።

መጽሔቱ ምን አለ መሰለሽ? «ግንቡ ሮስኮ ተጫዋችነቱ ዛሬም አልለቀቀውም፤ በእረፍት ሰዓት ታዳሚውን በሳቅ ገድሎታል። ከባለቤቱ ጋር ጸጥ ያለ ኑሮ ይኖራል።» ጸጥ ያለ ኑሮ! የጻፈው እጅ አንድ ሳምንት እዚህ ቤት ይደር።

ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። ፋሲካ ይሻላል፣ እስከዚያ እኔም ይሻለኛል። በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ቀድሞሽ ይድረስ። የምታገቢውም ሰው ስምሽን እስከ መጨረሻው የማይረሳ ይሁንልሽ።

እናትሽ ቨርና

ጽሑፌ ተንጋደደ ብለሽ አትደንግጪ። በግራ እጄ ስለጻፍኩት ነው፤ ቀኙ በጄሶ ታስሯል። ወጥ ቤት አዳልጦኝ ነው። ስትደውዪ አባትሽን እንዳትጠይቂው። አያስታውሰውም።