አክስቴን ደብቄ በሬውን ረሳሁት

ሰኞ
ጉድ ፈላ! መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕሌን ያዩ የመንደራችን ሰዎች፣ “ይቺ ጥሩነሽ አይደለችም እንዴ?” ተባብለዋል። የምግብ ቤቱ ባለቤት እየሳቀ ነገረኝ።

የአክስቴን የጥሩነሽን ፊት ቀይሬ ነበር እኮ። ለኅትመቱ ዋንዛ ጣውላ ላይ ስቀርጽ ወጣት አደረግኋቸው፣ ለዝናቡ የሣር ገሳ ደረብኩላቸው። ጭቃውን፣ ጭጋጉን፣ ከጎጆው ክዳን የሚወጣውን ጭስ፣ የክረምቱን ነገር ሁሉ ሞላሁበት። ከጥማዱ አንደኛውን የአክስቴን በሬ ግን እንዳለ ተውኩት። ቀንደ ጠማማውን ወይኖን! የአገራችን የእስቴ ገበሬ ከሰው ፊት በፊት በሬ እንደሚያይ እኔ የገበሬ ልጅ እንዴት እረሳለሁ? ደንቆሮ።

ማክሰኞ
እንቅልፍ አጣሁ። ያን ለት አክስቴን በዝናብ እርፍ ጨብጠው ሲያርሱ ሳገኛቸው፣ “ትንፍሽ እንዳትል፣ በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ” ብለውኝ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያርሱላቸው የባላቸው ወንድም ነገ፣ ነገ ሲሉ የዘር ጊዜ ሊያልፍባቸው ሆነ። በእኛ አገር ደግሞ ሴት አረሰች ከተባለ ወሬው አይበርድም።

እኔስ? እርፉን ተቀበልኳቸው? ዞር ሲሉ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ ያን እያየሁ ቀረጽኩ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ወረቀት ላይ አተምኩ። አልተነፈስኩም ብዬ ነው እንግዲህ። ጥሩ ማመካኛ!

ረቡዕ
አውርደው ብዬ ባለቤቱን ለመንኩት። “ደንበኛ እየጠራልኝ?” አለኝ። እምቢ አለ።

ሐሙስ
ገበያ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሥዕሉ ሥር ቆመው መረመሩና፣ “የወይኖ ጠማማ ቀንድ ቀኙ ነው። ይሄ ግራው ነው። ሌላ በሬ ነው!” ብለው ፈረዱ። ሰው ሁሉ ተስማማ።

ከጣውላ ወደ ወረቀት ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌውን ግን አላረምኳቸውም።

“የጥሩነሽንማ መሬት ያረሱት የባሏ ወንድም ናቸው” አለ አንዱ። ሰውዬው እዚያው ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ምስጋናውን ተቀበሉ። እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ
መንደር ወጣሁ። አክስቴ አረም ላይ ነበሩ። ፎቶውንም ሥዕሉንም የሽማግሌውንም ፍርድ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። “አይዞዎት፣ አልታወቀም” አልኳቸው።

“ታዲያ መሬቴን ማን አረሰው አሉ?”

“የባልዎ ወንድም። እሳቸውም አላስተባበሉም።”

የያዙትን አረም ወረወሩት። “ሐሜቱንስ እችለው ነበር፣ ልጄ። ልፋቴን ቀማችሁኝ፤ እሱም አንተም።”

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። “ተነሥ፣ ጭቃ ነው” አሉኝ። ከዚያ፣ “ለገበያ ቀን እወርዳለሁ። እዚያ ሥዕል ሥር ቁጭ ብዬ ሽሮዬን እበላለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ‘እኔ ነኝ’ እለዋለሁ። አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ” አሉ።

እሺ አልኳቸው። እሳቸው ወደ አረማቸው ተመለሱ። እኔ ግን የባላቸው ወንድም ፊት እንዴት እንደምቀመጥ ከአሁኑ ጨንቆኛል።