ዝም ያለችው መኪና

ወንድሜ ሀሰን፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ከመኪና ሥር የምትጋደምበት ወገብህ ዛሬም ያምሃል? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? ሙሽራዋ ልጄ ሉጥፊያስ? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ አለሁ። ስልኩ ወደ እናንተ አልገባ ቢለኝ ይህን ጽፌ ወደ አገር ለምትገባው ለጓደኛዬ ለሀዋ ሰጠኋት።

የሻዕባን ወር ሲገባ ለሉጥፊያ ኒካህ እደርሳለሁ ብዬህ አልነበር? አሠሪዬ ሐጃ ከልጃቸው ከጂብሪል ጋር ጦርነቱን ፈርተው ወደ ካይሮ ሲሸሹ የቤቱን ቁልፍ «አማና፣ አደራሽን» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡት። በቀደም ጂብሪል ደውሎ፣ ሾፌራችን አብዱልወሃብ ስፖርት መኪናዬን ገዳሪፍ ለአጎቴ ያድርስልኝ፣ አንቺም አብረሽው ሂጂና ቁልፉን አስረክበሽ አገርሽ ግቢ አለኝ። ከገዳሪፍ መተማ ምን አላት! መኪናዋ ያላት ሁለት ወንበር ነው፤ አንዱ የእኔ ነበር።

እሷ ግን አበደች። አሮጌ ናት፣ ግን ነዳጁን ራሷ መጥና የምትረጭ ኢንጀክሽን ናት ይሏታል። ነዳጅ ሳይሰጣት፣ እንደቆመች ትጮኻለች፤ እናንተ መካኒኮች ሚኒሞ የምትሉት፣ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር፣ ከፍ ብሎ አልወርድ አለ። አብዱልወሃብ፣ ኬላ ላይ እንዲህ እየጮኸች ብቆም ሊያመልጥ ነው ብለው ይተኩሱብኛል፣ ወላሂ አልነዳትም አለ። እውነቱን ነው። ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያመጣው መካኒክ ደግሞ አየር የምትስብበትን በቤንዚን አጠበ፣ አንዷን ቡሎን አዟዟረ፣ ጭራሽ አባሳት። ኢንሻአላህ ትስተካከላለች ብሎኝ ሄደ። እሱንማ እኔም እላለሁ።

እኔ የመኪና ነገር ምን አውቃለሁ? ብቻ አንተ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለህ ስታዳምጥ ትዝ አልከኝና ጆሮዬን ሰጠሁ። ከኋላ በኩል እስስ ይላል። ለካ አይጥ አንዱን የጎማ ቱቦ በልቶት በዚያ አየር ይገባል። በጣቴ ብደፍነው ዝም አለች፤ ሳነሳው ጮኸች። አብዱልወሃብ የረክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ ጠቀለለበት፣ በሽቦ አሰረው፣ ቡሎኗንም ወደ ቦታዋ መለሳት። ጸጥ አለች! እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ሻንጣዬን ዘጋሁ።

ለጂብሪል ደስ ይበለው ብዬ ድምጿን በስልክ አሰማሁት። ልጁ ቤቱ ትዝ ብሎት አለቀሰ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ከዳነችማ ከግቢ አትውጣ። እኛም እንመለሳለን፣ እስከዚያ ጠብቂልኝ።»

መቼ ነው የምትመለሱት ብዬ ብጠይቀው ኢንሻአላህ አለኝ።

ምነው እጄን በቆረጠው! አልዳነችም ለማለት ቱቦዋን መልሼ ልፈታት ሞተሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ብትጮኽ ደግሞ የሚነዳት የለም። ቁልፉን ጥዬ ከሀዋ ጋር ጭነት መኪና ላይ እንዳልወጣ አማና ነው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፣ ወንድሜ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ ዱዓዋ አይለየኝ። ባለቤትህን፣ ለልጄ ለደከምሽው አላህ ይክፈልሽ በላት። ትንንሾቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለሉጥፊያ የሙሽራ ሽቶ በሀዋ እጅ ልኬያለሁ። የመኪናዋን ነገር ግን እንዳትነግራት። እናትሽ መንገድ ተዘግቶባት ነው በላት።

እህትህ ፋሪሃ
ቡሪ፣ ካርቱም
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.