ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር

ድንቡሼዬ፣ ደህና ነሽልኝ? ፊደሌ የተወላገደው ፖስትካርዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። አውራው የራሊ መኪና ውድድር ሾፌራችን ሌላ ውድድር ብዙ ይከፍላል ብሎ ጥሎን ሄደ፣ ጎኑ ተቀምጦ የመንገዱን ኩርባ ከወረቀት የሚያነብለትንም ሰውዬ ይዞት ሄደ። የሌሎቹ ቡድኖች ኮከቦችም እየሄዱ ነው፣ የእኛ ውድድር ራሱ ሊሰረዝ ይችላል ይላሉ። ሜካኒካችን «እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ታነቢያለሽ» አይለኝም? «እኔ እኮ ሳነብ ኤሊ ነኝ» ስለው «ታዲያ ሥዕል አድርጊዋ፣ እኔ የምሰማው አፍሽን ነው» አለኝ። ጠባቡን መታጠፊያ መንጠቆ፣ መኪናው የሚዘልበትን ቦታ እንቁራሪት አድርጌ ሳልኩት። ዛሬ ሞከርነው፣ አንዷንም አልሳትኩም። እዛ ታክሲ ሲፈጥን ዓይኔን የምጨፍነው ልጅ «ጨምር፣ ጨምር» ስል ዋልኩልሽ። ፈርቻለሁ፣ ግን እንችላለን። ነገ ውድድሩን ከጨረስን ቡድኑ አይበተንም ብላለች አለቃችን። ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬን ሳሚልኝ፣ የት ወንበር እንደምቀመጥ ግን እንዳትነግሪያት።