ለግራኝ የተሠራ ቢላ

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬም ከአሠሪዬ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ከራህማዲ ጋር ተጣላሁ። በአንድ ጋሻ ምክንያት። ከአንድ ጣውላ የተጠረበ፣ ፊቱ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ መልክ የተሳለበት። "ጥንታዊ፣ ከወንዙ ላይኛው አገር" ብዬ እንድጽፍለት ይፈልጋል። ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት… የቤት ቀለም! እንጨቱ ገና ነጭ ነው፣ የምድጃ ጭስ እንኳን አልነካውም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ነጋዴ ነሽ ወይስ ዳኛ?"

"የቀጠርከኝ ዕቃው ከየት እንደመጣ እንድነግርህ አይደል? ይኸው። እዚሁ ሳማሪንዳ ከተማ፣ ከጋራዡ ጀርባ።"

ገዢው ፊት ነው ያልኩት። ራህማዲ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ይበለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ዝናብ። የመጡት ቢላዎች ሁሉ ሻይ ውስጥ ተዘፍዝፈው "ያረጁ" ናቸው። ሰው ግን አያፍርም?

ዓርብ፣ መጋቢት 6



ራህማዲ ከአንድ የጀልባ ነጋዴ የገዛውን ማንዳው አመጣልኝ። የኛ የካያን ሰዎች ረጅም ቢላ። "የተበላሸ ነው እንዴ? ስመታበት ይጠማዘዛል" አለ። ተቀብዬ ስለቱን ዳሰስኩት። ማንዳው አንዱ ጎኑ ጎድጎድ፣ ሌላው ጎበጥ ይላል፤ ለቀኝ እጅ ታስቦ ነው። ይሄ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለግራኝ የተሠራ። እኔም ግራኝ ነኝ… በግራዬ ይዤ ሣጥን ላይ ሰነዘርኩት። ያለምንም ድካም ገባ።

ከዚያ የአፎቱን ማሰሪያ አየሁ። የሐረጉ ጉንጉን ወደ ኋላ ይዞራል። በቀኙ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይጎነጉንም። እኔ ነኝ የጎነጎንኩት! ልጅ ሆኜ፣ እንደኔው ግራኝ ለነበረው አባቴ።

አባቴ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው። ይሄ ቢላ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ መሆን ነበረበት። ደረቱ ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ።

ማን ነው የአባቴን መቃብር የከፈተው? ማን?

በሻርፕ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። "ሌባ! ፖሊስ እጠራለሁ!" ይላል ከኋላዬ። ጥራ!

እሑድ፣ መጋቢት 8

ጀልባ ላይ ነኝ፣ ወደ መንደር። እንቅልፍ የለም።

ወንድሜ ነው። ዲንግ። ሌላ ማን ሊሆን? ዘንድሮ ለጀልባው አዲስ ሞተር ገዝቷል… ከየት አምጥቶ? አንገቱን ነው የማንቀው።

ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራት? ሣጥኑ ሳይዘጋ "ብቻዬን ከሱ ጋር ተዉኝ" ብላ ሁላችንንም አስወጥታን ነበር። መንደሩ በሙሉ አለቀሰላት። ይሄን ከሰማች ትሞትብኛለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

እንዴት አድርጌ ልጻፈው…

ከጀልባው ወርጄ በቀጥታ ወደ ቤት። የቤቱን ደረጃ ስወጣ ቢላውን መዘዝኩት። ደም በደም ልሁን ብዬ አይደለም፣ ላስፈራራው ነው። "ዲንግ! ና ውጣ! አንተ ሬሳ ዘራፊ!" በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ቢላው በግራ እጄ ከፍ ብሏል።

አልጮኸችም። ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች። ምንም ሳታስብ። የለመደ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ።

ቢላውን ጣልኩት።

"አባትሽን መሰልሽኝ" አለች ቆይታ።

መቃብሩን ማንም አልነካውም። ያን ቀን ብቻዋን ስትቀር እሷ ናት ከሣጥኑ ያወጣችው። የሩዝ ጎተራው ወለል ሥር ደበቀችው። ዘንድሮ ጎተራው ሲፈርስ ለጀልባ ነጋዴው ሸጠችው፤ "ራቅ አድርገህ ውሰድልኝ" ብላ።

"ለምን እማ? የሟች ዕቃ እኮ አብሮት ይሄዳል።"

"ይሄዳላ! እኔስ ስሞት ወደዚያው አልሄድም? እዚያ ይዞት እንዲጠብቀኝ ነው የፈለግሽው?"



"በጎኑ ነበር" አለች ደግሞ፣ ውለታ እንደዋለላት ሁሉ። "በስለቱ መትቶኝ አያውቅም።"

ዲንግ በሩ ላይ ቆሟል። "ታውቅ ነበር?" አልኩት። "አንቺን አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩሽ። እኔ እዚህ ነበርኩ" አለ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

አሥር ዓመት ሙሉ አለቀስኩለት። እንባዬን ማን ይመልስልኛል? ለዕረፍት ስመጣ የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ወደብ ላይ የሚጠብቀኝ… ያ ሰው ማነው? በዚያው እጁ! "እጄን ከአባቴ ወሰድኩ" እያልኩ ስንት ሰው ፊት ኮራሁ። ሞቶ እንኳን አመለጠኝ። ቢኖር ምን እንደምለው አውቅ ነበር።

ለራህማዲ ልመልሰው ቢላውን ስጠቀልል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ከየት እንደመጣ እንዳትጽፊ። የመንደራችን ስም ከተከተለው ወደ አባትሽ የሚመለስበትን መንገድ ያገኛል።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ራህማዲ ፖሊስ አልጠራም። ገዢ ነው የጠራ። ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው፣ የቢላውን ፎቶ ብቻ አይቶ የወደደው።

"ሌብነትሽን ረስቻለሁ። የማን እንደነበር ብቻ ንገሪኝ! የትኛው መንደር? ግራኝ ጦረኛ ነበር በይልኝ፣ በሞቴ!"

የዕቃው መገኛ የሚጻፍበትን ወረቀት ሳብኩት። በሕይወቴ ያልረገጥኩትን የሌላ ወንዝ ስም ጻፍኩ። በደሴታችን በሌላኛው ጫፍ። ከሥሩ ፈረምኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?"

አመነኝ። ለጋሻው አልጽፍም ብዬ ለዚህ ፈረምኩ… ትንሽ እንኳን አላፈርኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ቢላው ዛሬ ተጫነ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

"ሄደ?"

"ሄደ እማ።"

"በምን በኩል?"

"በባሕር። በመርከብ።"

"ስንት ባሕር ይሻገራል?"

አላውቅም። ሦስት አልኳት።

ከኋላዋ ዶሮዎች ይንጫጫሉ። "ሦስት…" አለች ለራሷ። "እንግዲህ መሞት አልፈራም።" ሩዝ ታጨደ እንደሚል ሰው፣ እንዲሁ በቀላሉ ነው ያለችው። ከዚያ ለዶሮዎቹ ጥሬ ልትበትንላቸው ሄደች።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በአባቴ ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልበረደም።