ለልብስ ማስጫ የቆረጥኩት ሽቦ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ግን አንድ ጉዴን እኔው ልንገርህ። ባለፈው ሐሙስ ለከተማው ሬዲዮኞች ሁሉ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ስለ ፋርማሲስቷ ወገብ ንግግር አድርጌያለሁ።

አዎ፣ ሬዲዮ አልኩህ። አትሳቅ። እህትህ ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ በሬዲዮ ከሰው የምትነጋገር፣ ፈቃድ ያላት አማተር ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ሳላየው ጥቅል ጨርቅ ጫንኩበት። የመናገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ሲቀር ደግሞ ሰው ሁሉ ይሰማሃል፣ አንተ ማንንም አትሰማም፣ ሌላውም በዚያ መስመር መነጋገር አይችልም። እኔ ምን አውቄ! የስፌት መኪናዬን እያሽከረከርኩ፣ «ቀሚሱ ጠበበ ትለኛለች እንዴ? ቀሚሱማ ያው ነው፤ የሰፋችው እሷ!» እያልኩ ለብቻዬ እሟገታለሁ። በሩ ተደበደበ። ሰዓት ሠሪው፣ የሬዲዮ ክበባችን ሊቀመንበር፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰካ ሱቁን ጥሎ ሮጦ መጥቷል።

«አንቺ ሴትዮ፣ በፈጠረሽ ቁልፉን ልቀቂው! አገር ሰማሽ!»

«ምኑን?»

«ወገቡንም፣ ሌላውንም።»

«ፋርማሲስቷስ ሰማች?»

«እሷ ሬዲዮ የላትም። ባሏ ግን አለው፤ አንዲት ቃል አላመለጠችውም።»

ጨርቁን ጎትቼ አነሳሁ። እሱ ግን አልሄደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድም ጋሼ ማን ነው?» አለኝ።

ለካ ስሰፋ ከአንተ ጋር አወራለሁ! ቤት ውስጥ ሌላ የሚሰማኝ ስለሌለ ልማድ ሆኖብኛል። ክሩ አለቀ እልሃለሁ፣ ዳቦው ደረቀ እልሃለሁ። ያን ቀን ሌላ ምን እንዳልኩህ ሰዓት ሠሪው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አጀማመሬን ላጫውትህ። ባለፈው ክረምት የቤቱ ጸጥታ ሲበዛብኝ፣ ትተኸው የሄድከውን የመነጋገሪያ ሬዲዮ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ብከፍተው መንሿሿት ብቻ። ለሰዓት ሠሪው ወስጄ ሳሳየው፣ «ጤነኛ ነው፤ አንቴና የለውም እንጂ» አለኝ። በዚያው ክበቡን አስለመደኝ። ከብረታ ብረት መደብሩ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ስድስት ወንበር አላት፣ አንዱ ግድግዳ ካልተደገፈ አይቆምም። አብራኝ የጀመረችው ጥርስ ሐኪሟ ናት። መጀመሪያ እንድጣራ ማይኩ ሲሰጠኝ ድምፄ እምቢ አለ። «አፍሽን ክፈቺ፣ አይዞሽ፣ አያምም» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ስስቅ ድምፄ ወጣ።

ከዚያ አንቴና መሥራት ተማርን። ሽቦው እንደ ሰው ልብስ ነው ለካ፤ ለሚፈለገው ሞገድ ተለክቶ ነው የሚቆረጠው። አጠር ካለ አይሆንም፣ ረዘም ካለም አይሆንም። ሰዓት ሠሪው ሜትሬን አይቶ፣ «አንቺማ ሥራሽ ነው» ሲለኝ፣ መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

ያንን ቅዳሜ አንተም አልረሳኸውም። የሆቴሉን አርባ መጋረጃ አጥቤ ማስጫ ቸገረኝ። ከጣሪያው እስከ ዛፉ የዘረጋኸውን ሽቦ ቆረጥኩና ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ስትገባ መጋረጃዎቹ ይንጠባጠባሉ። «ነገ እኮ ቀጠሮ አለኝ» ብቻ አልክ። «ሽቦ ሽቦ ነው፤ ሌላ ትገዛለህ» አልኩህ። ወር ሳይሞላ የተራራውን የአየር ጠባይ ጣቢያ ሥራ ይዘህ ሄድክ። ይኸው ስድስት ዓመት። በዓመት ሁለቴ «ደህና ነኝ፣ ጤና ይስጥሽ» ብለህ ትጽፍልኛለህ፤ ቴሌግራም እንኳ ከዚህ ይረዝማል።

ሐሙስ ዕለት ማን እንደሆንክ ለሰዓት ሠሪው ስነግረው፣ ለካ በሬዲዮ ያውቅህ ኖሯል፤ ቀጠሮህ ከማን ጋር እንደነበር እሱ ነገረኝ። ደሴት ላይ የመርከብ መብራት የሚጠብቅ ሰው፤ ሁለት ዓመት በየእሑዱ ያወራኸው። ታሞ ለሕክምና ሊሄድ ነበር፣ ልትሰናበተው ነበር። ከዚያች እሑድ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። በዚያች እሑድ እኔ መጋረጃ እያጣጠፍኩ ነበር።

አሁንም እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንደምትጣራ የነገረኝም እሱው ነው። ያለፈው እሑድ ወንበሬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። መጣህ። ድምፅህ ሻክሯል። «ማንኛውም ጣቢያ፣ ማንኛውም ጣቢያ» ብለህ የሬዲዮ መጠሪያህን፣ የጥሪ ምልክትህን፣ ተናገርክ፣ ዝም ብለህ ጠበቅክ። የመለሰ የለም። ደገምክ። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። የጥሪ ምልክቴን፣ የሰላምታውን ሥርዓት፣ ሁሉንም በቃሌ አውቃለሁ፤ ፈተናውን በዘጠና ሁለት ነው ያለፍኩት። መጀመሪያ ልልህ የሚገባኝ ቃል ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። እዚህም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። «እንግዲህ ለዛሬ በቃኝ» ብለህ ዘጋህ። ማንም የሌለ መስሎህ ነው። እኔ ነበርኩ።

ይህ ደብዳቤ ተራራው ድረስ ስምንት ቀን ይፈጅበታል አሉኝ። ስለዚህ የፊታችን እሑድን እንለፈውና በተከታዩ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንተ ሳትቀድመኝ እኔ እጠራሃለሁ። የጥሪ ምልክቴን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ሽቦውን ራሴ ለክቼ ቆርጬዋለሁ፤ ጥርስ ሐኪሟ ጣሪያ ወጥታ ያንተ በነበረበት ቦታ አሰረችው፣ እኔ ከታች ሆኜ ጮህኩባት። ከዚህ ጋር ሹራብ ልኬልሃለሁ። ልክህን የያዝኩት በትዝታ ነው፤ ከሰፋህ ከስተሃል ማለት ነውና እቆጣለሁ።

ፈጣሪ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ። ሰኞ ጠዋት፣ የስፌት መኪናዬን ሳልነካ፣ እጽፍልሃለሁ። ከመለስክልኝ ድምፅህ እዚህ እንዴት እንደተሰማ እነግርሃለሁ፤ ካልመለስክልኝም፣ ስንት ጊዜ እንደጠራሁህ።

ታናሽ እህትህ