የላላው ጥብጣብ

ውድ ሲስተር፣

ጤንነትዎን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ስለገባሁ ይቅርታ አልልም። ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሌባ ብለው ያባረሩኝም እርስዎ። የምጽፈው በእርስዎ ውስጥ ላሉት ለሁለቱም ሰዎች ነው።

የልብስ አጣቢዋን ልጅ ያስታውሷታል? የዓመት ከአራት ወሯን? የክንድ መለኪያው ጥብጣብ «ምግቡ ገና ያስፈልጋታል» የሚለው ቢጫ ላይ ሲቆም፣ ከኋላዬ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ ላላ አድርጊው እንጂ! ክንድ'ኮ ነው፣ የማገዶ እስር አይደለም» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደርሶ፣ «ያገገሙ» የሚለው ዓምድ ሳስቶብዎት ነበር። ላላ አደረግኩት። «ድናለች» የሚለው አረንጓዴ ሆነ፤ ከጤና ጣቢያው የምትወስደው የኦቾሎኒ ምግቧም በዚያው ቀን ቆመ። ያዘዙኝ እርስዎ ቢሆኑም የለካው የእኔ እጅ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጠራኋት፣ አጨበጨብኩ፣ ማንኪያ ፊቷ ጣልኩ። ዞር እንኳ አላለችም። እናቷ እጇን ከአረፋው አውጥታ፣ «ይቺማ ዕድሌ ናት፤ ጨዋ! እንደ ታላላቆቿ አትረብሸኝም። ባስቀመጥኳት ቦታ ነው የማገኛት» አለችኝ፣ በኩራት።

አንጎል ከምንም በላይ የሚያድገው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ የተራበ ልጅ አስቀድሞ የሚተወው ጨዋታውን ነው ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም? እንደገና ለካኋት። ቀይ፤ ከቢጫውም የባሰው።

«መዝገቧ ይስተካከል» ብዬ ስለምንዎት «ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?» አሉኝ። ከመጋዘን አሥራ አራት እሽግ የኦቾሎኒ ምግብ ፈርሜ ወሰድኩላት። በሳምንቱ ስሜን «በሌብነት የተባረረች» ከሚል ጽሑፍ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩት።

ትናንት ለእናትየዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔን እጅ ጭምር። የያዘችውን ሸሚዝ ጠብታ እስኪያጣ ጠመዘዘችው። ከዚያ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «እኔ'ኮ ጨዋ እላት ነበር» አለች።

ሰኞ ጠዋት እንመጣለን። ጥበቃው እንዳያስገባኝ አዘዋል፤ ግድ የለም፣ ደጅ እቆማለሁ። እናትና ልጅ ይገባሉ። ጥብጣቡን በራስዎ እጅ ይያዙት። እኔን ወደ ሥራዬ አይመልሱኝ፤ ልጅቷን ወደ መዝገቧ ይመልሷት። ጥፋተኛ ካስፈለገም የእኔን ስም ይጻፉ፣ እክዳለሁ ብለው አይስጉ። እናትየዋ ባዶ እጇን ከወጣች ግን የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ማክሰኞ አለቃዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሙያዎን እንጂ ፍርሃትዎን የማልወርስ
ተማሪዎ